የዳኛው ቻርት

ኅዳር 4

ዛሬም ሐኪሙ እጁን ሳይታጠብ ከአልጋ ወደ አልጋ። "ዶክተር፣ እጅዎ…" ስለው "አሁን ነው እኮ የታጠብኩት ሲስተር" አለኝ። አሁን? የት? ከጠዋት ጀምሮ ከኋላው ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆኜ፣ ስድስቱን ኢንፌክሽን መከላከል ላይ ሠርቼ፣ የቀረልኝ ሥራ ትልልቅ ሰዎችን እጃችሁን ታጠቡ ማለት ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ቤት ስገባ ሌላ ጣጣ። አኳሪየሙ ላይ ምግብ ተንሳፍፎ። ባሌን "አብልተሃል?" አልኩት። "ትንሽ።" አባባን "አብልተዋል?" ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጠዋት ደግሞ እኔ አብልቻለሁ። በቀን ሦስት ቁርስ የሚበላ ዓሣ የት አገር አለ? የተረፈው ሥር ይወርዳል፣ ይበሰብሳል፣ ውሃው ይበላሻል፣ ዓሣ ይታመማል። ስንቴ ልናገር?

አባባ የባሌ አባት ናቸው። እማማ ካረፉ ስምንት ወር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል ከአፋቸው አይወጣም ማለት ይቻላል። ዛሬ ቆጠርኩ። "እሺ" ሁለቴ፣ "ይሁን" አንዴ። በቃ።

ዓሦቹ የእማማ ናቸው። ሦስት ትንንሾችና አንድ ትልቅ፣ እጄን የሚያህል ብርቱካንማ። ዳኛው ይባላል። እማማ ናቸው ያወጡለት። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ "ዕድሜዬን ሙሉ ዳኛ ሲያዘኝ ኖሯል፤ አሁን አንዱ ደግሞ የኔን እጅ ይጠብቅ" ብለው ገዙት። እውነትም ዳኛ ነው። መስታወቱ ጋ ይመጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ምንም ሳይወስን ይሄዳል።

አባባ የሚያወሩት ለሱ ብቻ ነው። ዛሬ ልብስ ላነሳ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። "ፀሐይ ነበረች ዛሬ። መብራት ሄዶ መጣ። ልጅቷ ዛሬም ቁርስ ሳትበላ ወጣች።"

ልጅቷ እኔ ነኝ። በአርባ ሦስት ዓመቴ። ለዓሣ ያሙኛል፣ ለኔ ግን አንድ ቃል የለም። ተናደድኩ… ከዚያ ደግሞ አሰብኩ። ያ ዓሣ አንድ ነገር ቢሆን እኚህ ሰው ለማን ያወራሉ?

ኅዳር 7

ሁለት አዲስ ዓሣ ገዛሁ። አንድ ቢጫ፣ አንድ ነጭ። አባባ ትንሽ ደስ ቢላቸው ብዬ።

ዓሣ ሻጩ "እናቴ" ይለኛል። ስንት ዓመቱ ነው እሱ? ሠላሳ አምስት አይሆነውም? ጢሙን እስከ ደረቱ አሳድጎ፣ እናቴ። "እናቴ፣ ሁለት ሳምንት ለብቻቸው አቆዪያቸው፣ ከዚያ ትቀላቅያቸዋለሽ።" "አውቃለሁ" አልኩት ኮስተር ብዬ። ለይቶ ማቆየትን ለኔ ሊያስተምር።

ቤት ስደርስ ለብቻ የማቆይበት ዕቃ የለም። ባልዲ አለ፣ ትርፍ አየር መንፊያ የለም። አባባ ደግሞ ወንበራቸው ላይ ሆነው እጄ ላይ ያለውን ላስቲክ ያያሉ። ሁለት ሳምንት ጠብቁ ልበላቸው? ዘረገፍኳቸው። ከነላስቲኩ ውሃ።

አባባ ተነሱ። ፊታቸውን መስታወቱ ላይ አስጠግተው አዲሶቹን አዩ፣ አዩ… ከዚያ እኔን አዩኝ። "ይሁን" አሉ። ከእስከዛሬው ሁሉ ይኼኛው "ይሁን" ረዘም ያለ ነበር። ደስ ብሏቸዋል መሰለኝ።

ኅዳር 9

ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ። አልጋ ስድስት ትኩሳት። ሌላ የለም።

ኅዳር 15

ዳኛው ታመመ።

ጠዋት ጭራው ላይ ሦስት ነጭ ነጥብ ነበር። የምግብ ፍርፋሪ ነው ብዬ ሄድኩ። ከሥራ ስመለስ ሰውነቱ ሁሉ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። ክንፉን አጣብቆ ጎኑን ድንጋይ ላይ ይፈትጋል። ያሳክከዋል ማለት ነው። ከአዲሶቹ ነጩ ሞቶ ማጣሪያው ሥር ተለጥፏል።

የእማማን የዓሣ መጽሐፍ አወጣሁ። የነጭ ነጥብ በሽታ። ጥገኛ ተውሳክ ነው። ቆዳ ሥር ገብቶ ይበላል፣ ሲጠግብ ይወድቃል፣ ድንጋዩ መሃል ተደብቆ ይራባል፣ መቶ ሆኖ ይወጣና እንደገና ዓሣ ፍለጋ ይዋኛል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ለብቻው ሳይቆይ በተቀላቀለ አዲስ ዓሣ ነው። እማማ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። ሁለቴ።

ዛሬ ጠዋት፣ ልክ ዛሬ፣ ለአዲስ ነርሶች ስልጠና ሰጠሁ። አዲስ ታካሚ ሲገባ እንዴት ተለይቶ ይቆያል። አጨበጨቡልኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ባሌ ጎንበስ ብሎ አየና "ከየት መጣ ይኼ?" አለ። ምን ብል ጥሩ ነው? "ውሃው ይሆናል" አልኩ።

ከሁሉ ነገር ውሃው። አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ነው የሠሩት። ክሎሪኑን ለክተው የሚጨምሩት እሳቸው ነበሩ። ድሮ፣ ሲያወሩ፣ አንድ ሰው የቧንቧ ውሃ ካማ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ይሟገቱ ነበር። ዛሬ አልተሟገቱም። ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። "ተሳስቼ ነው አባባ" ማለት አቃተኝ… ምላሴ ላይ ነበር እኮ።

ኅዳር 16

ዓሣ ሻጩ ጋ። "እናቴ፣ ለብቻ አቆይተሻቸው ነበር?" "አዎ።" ለሱም ዋሸሁ። ለዓሣ ሻጭ መዋሸት ምን ይጠቅመኛል?

ሰማያዊ ጠብታ ሰጠኝ። ቀን በቀን ልክ እኔ ለበሽተኛ እንደማስረዳው አስረዳኝ። ከማጣሪያው ውስጥ ከሰሉን አውጪ፣ መድኃኒቱን መጥጦ ያስቀረዋል። ሙቀቱን ከፍ አድርጊ፣ ግን በቀን አንድ ዲግሪ። አየር ጨምሪ። ነጥቡ ቢጠፋም አታቋርጪ፤ ጠብታው የሚገድለው ሲዋኝ ያገኘውን ብቻ ነው፣ ቆዳ ሥር ያለውንና ድንጋይ ውስጥ የተደበቀውን አይነካም። ውሃ ስትቀይሪ ጥቂት ጥቂት፣ ያደረ ውሃ። ሲያድር ክሎሪኑ ይተናል። ጎበዝ ነው፤ እናቴ ማለቱን ቢተው።

ያደረ ውሃ ሲል እማማ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ሁልጊዜ ሞልተው የሚያስቀምጧቸው ሁለት አረንጓዴ ባልዲዎች ትዝ አሉኝ። ለዚህ ነበር እንዴ? እኔ ውሃ ቢጠፋ ብለው ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ባሌ ሲያስታውስ በጆግ አንድ ሁለት ይጨምራል እንጂ ማን ውሃ ቀየረ? ባልዲዎቹን አጥቤ ሞላኋቸው።

አባትና ልጅን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ተናገርኩ። የማክመው እኔ ብቻ፣ ማንም ምንም እንዳይነካ። ባሌ "እሺ አለቃ" አለ። አባባ ዓይናቸውን ከዳኛው ላይ አልነቀሉም።

ኅዳር 17

አንድ ቀን። አንድ ቀን እንኳ አልቆየም።

ባሌ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ የኔ ግዛት ነው ብሎ ያምናል።

"ስንት አደረግከው?"

"ሠላሳ።"

"ትናንት ሃያ ሁለት ነበር እኮ።"

"በቀን አንድ ዲግሪ እያልን መቼ ልንደርስ? ማሞቂያው ይችላል።"

"ማሞቂያውማ ይችላል። ዓሣው ነው የማይችለው።"

ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃ አስወጥተው አየር ይለምናሉ። ውሃ ሲሞቅ አየር ያንሰዋል። ይኼን ሲሰማ ደንግጦ ወደ በረዶ ቤቱ ሮጠ፤ በረዶ ሊጨምርበት። እጁን ያዝኩት። "ተወው። ማሞቂያውን አጥፋና ውጣ ከዚህ።" ሊረዳኝ ፈልጎ እንደሆነ አውቃለሁ። የበለጠ የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

ኅዳር 19

ከሥራ ስመለስ የሳሎኑ ወለል ረጥቧል። ከወጥ ቤት ቧንቧ እስከ ዓሦቹ ገንዳ ድረስ የውሃ ጎማ ተዘርግቷል። አባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። የገንዳውን ውሃ ከግማሽ በላይ ደፍተው በቧንቧ ውሃ ሞልተውታል። ጥርት ያለ ውሃ። ክሎሪኑ እንዳለ።

"አባባ፣ ምን አደረጉ?"

"ውሃው ነው አልሽ" አሉ። "ውሃው ከሆነ ልለውጠው ብዬ።"

በስምንት ወር ውስጥ ከሳቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኼ ነው።

ክሎሪን እኛን ከጀርም ያድነናል፤ የዓሣን መተንፈሻ ግን ያቃጥላል። ሦስቱ ትንንሾች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ዳኛው በጎኑ ተኝቶ አንድ ክንፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቢጫው ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል።

ጮህኩ። "ማንም እንዳይነካ አላልኩም ወይ?" አልኩ። ሰማንያ ዓመት በሞላቸው ሰው ላይ። ያውም እኔ በዋሸሁት ነገር። አባባ ጎማውን ቀስ ብለው ጠቅልለው ቦታው መለሱት፤ ወለሉንም ወለወሉ። አንድ ነገር ቢመልሱልኝ ምን ነበረበት?

ዳኛውንና ቢጫውን ወደ ልብስ ማጠቢያው ትልቅ ሳፋ አዛወርኳቸው። ባልዲዎቹ ውስጥ ያደረ ውሃ ነበር፣ ተመስገን። ሦስቱን አባባ ራሳቸው ጓሮ ቀበሯቸው። በመስኮት አየኋቸው። አፈሩን በእጃቸው ነው የመለሱት።

ኅዳር 20

አሁንስ በቃኝ። ከዋርድ የተጣለ የቻርት ሰሌዳ አመጣሁ፣ መያዣው የላላ። ሳፋው አጠገብ ምስማር መትቼ ሰቀልኩት። ሰዓት፣ ሙቀት፣ መድኃኒት፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ፊርማ። ከላይ በትልቁ፦ ያልተጻፈ አልተደረገም። እኛ ጋ ማንኛዋም ነርስ መጀመሪያ የምትማረው ይኼን ነው። ያደረግሽውን ካልጻፍሽ ቀጥላ የምትመጣው እንደገና ታደርገዋለች፣ በሽተኛው ይሞታል። ሥራ ቦታ ለማላውቀው ሰው ይኼን ሁሉ አደርጋለሁ። ቤቴ ውስጥ ሦስት ሰው በየፊናው እየተደባበቀ አንድ ዓሣ ያክማል።

የታካሚው ስም፦ ዳኛው። ዕድሜ፦ ዘጠኝ። በሽታ፦ ነጭ ነጥብ፣ የክሎሪን ጉዳት። የበሽታው ምንጭ፦

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ባዶውን ተውኩት።

ባሌ ካንድ ደንበኛ አየር መንፊያ ለምኖ አምጥቶ ገጠመ። ቻርቱ ላይ "ሙቀት 23፣ በዝግታ፣ በትእዛዝ" ብሎ ፈረመ። ሳልፈልግ ሳቅኩ።

አባባ አልጻፉም። ወንበራቸውን ሳፋው አጠገብ ስበው ተቀምጠዋል። ምሳ መለሱ፣ እራት መለሱ። ለዳኛውም አያወሩም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ምንም። እንደዛሬ ፈርቼ አላውቅም።

ኅዳር 22

ነገርኳቸው። ሥራ የለኝም ዛሬ፣ ሰበብም አልቆብኛል።

ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። "አባባ፣ ውሃው አልነበረም። በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አዲሶቹን ለብቻ ሳላቆይ ነው የጨመርኳቸው። ሻጩ ነግሮኝ ነበር። እማማም መጽሐፉ ላይ አስምረውበት ነበር፣ እኔ ግን…"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ነጩ ጭራው ላይ ነጥብ ነበረበት። ያመጣሽው ዕለት አይቼዋለሁ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። "ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ደስ እንዲለኝ ብለሽ ነው ያመጣሽው። ምን ልበልሽ?"

ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ተናደድኩ። "አባባ፣ 'ነጥብ አለበት' ማለት ይቻል ነበር እኮ። ሁለት ቃል ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺስ? 'እኔ ነኝ'። እሱም ሁለት ቃል ነው።"

ዳኛው ሳፋው ውስጥ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። "ነጥቡን ካዩ ታዲያ ውሃውን ለምን ለወጡት?" አልኳቸው።

"ሲስተር ነሽ፣ ታውቂያለሽ ብዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያጠጣሁት ውሃ ምን ነበረበት እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። የቆመው ተበላሽቶ እንደሆነ አዲሱ ይሻለዋል አልኩ።"

ይኼ ከሁሉ በላይ አመመኝ። ባንዲት ውሸቴ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ሲጠራጠሩ ሰነበቱ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። በደንብ፣ ጮክ ብዬ። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ፣ እርጥብ እጅ፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ከዚያ ወሬያቸው መጣ። "ባልዲዎቹን ለምንድን ነው ብዬ ጠይቄያት ነበር። ለልብስ ነው ትለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለልብስ። ለካ ክሎሪኔ እስኪወጣ ነው የምታሳድረው። እንዳይከፋኝ ብላ።" ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቁ። "ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኛ ቤት ግን ነቀዘ።"

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር ለካ። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" አለ። "እንግዲህ ከወጣ አይቀር የኔንም ልናገር። ከሰሉን ማጣሪያው ውስጥ መልሼ ከትቼው ነበር። ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ሲያስጠላኝ ጊዜ።"

ማለት… ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ መድኃኒቱን ከሰል ሲጠጣው ነበር። ቻርቱን አንስቼ የበሽታው ምንጭ በሚለው ላይ "ሲስተር" ብዬ ጻፍኩ። ባሌ እስክሪብቶውን ቀምቶኝ "እና ልጅየው" አለ። አባባ ተቀበሉት፣ አሰቡ፣ "እና አባትየው" ብለው ጨመሩ። እራት በሉ።

ኅዳር 25

ነጥቦቹ ጠፉ። ባሌ "በቃ ዳነ፣ ይቅርለት መድኃኒቱ" ይላል። በሽተኛ ሁሉ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። ሦስት ቀን ይውጥና ሲሻለው የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ብሶበት ይመጣና እኔ ላይ ያፈጥጣል። ገና ስምንት ቀን አለው፣ አልኩ። "ለዓሣው ነው ወይስ ለኔ?" አለ። ለሁለታችሁም።

ኅዳር 28

አባባ ቻርት መሙላት ጀምረዋል። የማተሚያ ቤት ጽሑፍ ነው የሚመስለው። ለካ ጣቢያው ውስጥ በየሰዓቱ መዝገብ ይሞሉ ነበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። እኔ ማንን ላስተምር ነበር?

"ጠዋት 4፡00። ሙቀት 27። ምግብ አልሰጠሁም። ልጄ ሰጥቶ ሳይጽፍ ሄዷል፣ ፍርፋሪው ተገኝቷል።"

ባሌ ተከሰሰ። ሲመጣ አስፈረሙት።

ታኅሣሥ 6

ዳኛውና ቢጫው ወደ ገንዳው ተመለሱ። ባዶውን፣ ዓሣ ሳይኖርበት፣ ሞቆ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል፤ ተውሳኩ የሚበላው አጥቶ ያልቃል ይላል መጽሐፉ። ውሃው ያደረ ነው። አባባ ባልዲዎቹ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፤ "ያደረ"፣ "ያላደረ"። "ያላደረ" ከሚለው ላይ ቀድቼ ዕቃ ላጥብ ስል ጠየቁኝ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ማን ሞላው። የራሴ ወጥ ቤት ውስጥ። ዝምታቸው የናፈቀኝ ጊዜ አለ፣ እውነቱን ልጻፍ። ወጥሽ ጨው አነሰው፣ መስኮቱን ዝጊ፣ ባልሽ ጫማውን መሃል ላይ ጣለ… ስምንት ወር የተጠራቀመ ነው የሚወርድብኝ።

ለቢጫው ስም አወጡለት። ተከሳሽ። "ከዳኛ ጋ አንድ ቤት የሚኖር ሌላ ማን ይሆናል?" አሉ። እማማ ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ለዓሣ ሻጩም እውነቱን ልነግረው ሄድኩ። "አውቄያለሁ እናቴ" አለኝ። "እንዴት?" "ስጠይቅሽ ቶሎ ነው አዎ ያልሽው።" የማያውቅ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። ትንሽ ገንዳ ገዛሁ፣ ለአዲስ ገቢ። ካሁን በኋላ ማንም ሁለት ሳምንት ሳይቆይ አይገባም።

ታኅሣሥ 12

ሐኪሙ ዛሬም "አሁን ነው የታጠብኩት ሲስተር።" ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁት። "ይጻፉልኝ። ያልተጻፈ አልተደረገም።" አፈጠጠብኝ። ተነስቶ ታጠበ።

ቤት ስገባ ማንም የለም። አባትና ልጅ የማሞቂያ መለዋወጫ ፍለጋ ወጥተዋል፣ መንገድ ላይም እየተጨቃጨቁ ይሆናል። እግሬ አብጧል። ዳኛው መስታወቱ ጋ መጥቶ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ክሎሪኑ ያቃጠለው የግራ ክንፉ ጫፍ ገና አልተመለሰም። ማን አበላው፣ መቼ? ቻርቱን አነሳሁ።

"ጠዋት 1፡30። ዳኛው፦ ሙቀት 23፣ ምግብ አንድ ቁንጥር፣ ውሃ ያደረ።

ተከሳሽ፦ እንደዚያው።"

ከሥሩ በማስመሪያ የተሰመረ አዲስ መስመር አለ። በዚያው ባማረ ጽሑፍ።

"ልጅቷ፦ ዛሬም ቁርስ ሳትበላ ወጣች። ምስር ሾርባ ምድጃው ላይ አለ፣ ዳቦ በፎጣ ተጠቅልሏል። ይሞቅ። ይበላ። ይፈረም።"

ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዓሦቹ ቀጥሎ ሦስተኛ ታካሚ… ከዚያ ዕንባዬ መጣ። ለዳኛው ይነግሩት የነበረውን ለኔ ጻፉልኝ።

ሾርባውን አሞቅኩ። ገንዳው ፊት ቁጭ ብዬ በላሁ፣ እስከ መጨረሻው፣ ዳኛው እያየኝ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ፈረምኩ።